ድንጋዩ ይለቀማል፣ አሸዋውስ? ጤፍ፣ ኑግ እና በዘር ውስጥ የሚከማች ጉዳት

ይህ ጽሑፍ ለግብርና ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለጥቂት አርሶ አደሮች ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ብዙም ሳልነካው አስቀምጬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜ ጠዋታችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ጤፍ ለቅማችሁና ነፍታችሁ የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ፣ ብዙ ናችሁ። እንግዲያው የምለው ቶሎ ይገባችኋል። ከአውድማ በመጣ ጤፍ ውስጥ ድንጋይ ካለ በዓይን ይታያል፤ ይለቀማል። ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። አሸዋውስ? ደቃቁ አሸዋ ከጤፉ ፍሬ ጋር እኩል ነው። በወንፊት አብሮ ያልፋል፣ በሰፌድ ላይ አብሮ ይቀራል። ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ተጋግሮ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ነው የሚታወቀው። «ይሄ እንጀራ አሸዋ አሸዋ ይላል» እንላለን።

ዛሬ የማወራችሁ በዘር ውስጥ ስላለው ድንጋይና አሸዋ ነው።

እኔ ያደግኩት ጎጃም ነው። አያቴ ጤፍ ይዘራ ነበር፤ በማሳው ዳርና ዳር ደግሞ ኑግ። ኑግ ዳር ላይ የሚዘራው ከብት ስለማይወደው ነው፤ እንደ አጥር ያገለግላል። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ማሳው ዙሪያውን ቢጫ ይለብሳል። የንቡ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። መሃል ላይ ያለው ጤፍ ግን ጸጥ ያለ ነው። ንብ ዞር ብላም አታየው። በልጅነቴ ይህ ምንም ጥያቄ አልፈጠረብኝም። አሁን ሳስበው የዛሬው ንግግሬ በሙሉ እዚያች ማሳ ላይ ነበር።

ተማሪ ሆኜ አንድ ሙከራ አደረግኩ። ጥቂት የኑግ አበባዎችን ገና ሳይፈኩ በስስ ጨርቅ ሸፈንኳቸው፤ ንብ እንዳይደርስባቸው። ሌሎቹን ክፍት ተውኳቸው። ሲደርሱ አየኋቸው። ክፍቶቹ ጥቁር ፍሬ ሞልተዋል። ከተሸፈኑት ውስጥ ግን ፍሬ ፍለጋ ብዙ ለፋሁ። አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ። ያበላሸሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለመምህሬ ስነግረው «አላበላሸህም፤ ኑግ የራሱን ብናኝ አይቀበልም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኑግ ከራሱ የመጣውን የአበባ ብናኝ ይለያል፤ ሲያርፍበትም ያግደዋል። ከሌላ ኑግ የመጣውን ይቀበላል። ስለዚህ የግድ ንብ ያስፈልገዋል፤ የግድም ጎረቤት። ጤፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ደቃቋ የጤፍ አበባ በማለዳ ስትከፈት ብናኟ እዚያው እራሷ ላይ ይራገፋል። አባትም እናትም ራሷ ናት። ከሌላ ጤፍ ጋር በተፈጥሮ የምትዳቀለው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

አንድ ማሳ፣ ሁለት የመራባት ሥርዓት። ኑጉ ሁልጊዜ ከባዳ ጋር። ጤፉ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከራሱ ጋር። እኔን ለዓመታት የያዘኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ በዘር ውስጥ የሚፈጠረው ጉዳት በሁለቱ ዘንድ ምን ይሆናል? ከየትኛው ይጸዳል? በየትኛው ይከማቻል?

መጀመሪያ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ።

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ጂኖቹን፣ ማለትም በዘር የሚወረሱትን መመሪያዎች፣ ለልጆቹ የሚያስተላልፈው ገልብጦ ነው። ሲገለብጥ ደግሞ ይሳሳታል። ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ አንድ ፊደል ይዘላል፣ አንድ ቃል ይደግማል። በዘር ውስጥ ይህን ስህተት ሚውቴሽን እንለዋለን። እያንዳንዳችን እናትና አባታችን ያልነበራቸውን ከ60 እስከ 70 የሚደርሱ አዳዲስ ስህተቶች ይዘን ተወልደናል። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። ጥቂቶቹ ይጎዳሉ። የሚጠቅሙት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ደግነቱ እያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለው። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንደኛው ቅጂ ላይ አንድ መስመር ቢጎድል ከሁለተኛው ይነበባል። ስለዚህ ብዙ ጎጂ ስህተት ከደኅናው ቅጂ ጀርባ ተደብቆ ይኖራል። ተሸካሚው ጤነኛ ነው፤ መሸከሙንም አያውቅም። ችግር የሚመጣው ሁለቱም ቅጂ እዚያው ቦታ ላይ ሲጎድል ነው።

እስቲ ቁጥር እናስገባ። በአንድ ትልቅ የኑግ ማሳ ላይ አንድ ጎጂ ድብቅ ስህተት አለ እንበል። ከመቶ ቅጂ አንዱ ላይ ብቻ ይገኛል። ኑግ ከባዳ ጋር ስለሚዳቀል ሁለት የጎደሉ ቅጂዎች አንድ ፍሬ ላይ የሚገናኙት ከ10,000 አንድ ጊዜ ነው። ከመቶ ተክል ሁለት ያህሉ ግን ስህተቱን በድብቅ ይሸከማሉ። ስለዚህ ስህተቱ ይኖራል። ትውልድ ከትውልድ ማንም ሳያየው ይሄዳል።

አሁን ተሸካሚው ተክል ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ይሁን። አንድ ደኅና ቅጂ አለው፣ አንድ የጎደለ። ከልጆቹ ሩቡ ሁለት ደኅና ይወርሳሉ። ግማሹ እንደ ወላጃቸው ይሆናሉ። ሩቡ ሁለት የጎደለ ይወርሳሉ። ከ10,000 አንድ የነበረው ከአራት አንድ ሆነ ማለት ነው። በሚቀጥለው ትውልድ የተደበቀው በግማሽ ይቀንሳል። በሚቀጥለውም በግማሽ። በስምንተኛው ትውልድ ላይ ተደብቆ የሚቀረው ከ256 አንድ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር አደባባይ ወጥቷል።

ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ቻርለስ ዳርዊን በዚህ ጥያቄ ላይ 11 ዓመት አሳልፏል።

አጀማመሩ ደስ ይለኛል። ዳርዊን ለሌላ ጉዳይ ብሎ አንድ ዓይነት አበባ በሁለት መደብ ይዘራል። አንዱ መደብ ራሱን ካዳቀለ ተክል የተገኘ ዘር ነው፣ ሌላው ከባዳ ጋር ከተዳቀለ። ሲያድጉ ልዩነታቸው በዓይን የሚታይ ሆነ። የተዳቀሉት ረጅምና ጠንካራ፣ የራስ በራሶቹ ቀጫጫ። ይህን ሲያይ ሥራውን ሁሉ ወደዚያ አዞረ። 57 ዝርያዎችን ንብ እንዳይገባባቸው በመረብ እየሸፈነ፣ በእጁ እያዳቀለ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ አንድ ማሰሮ ውስጥ እየተከለ ቁመታቸውን ለካ። ውጤቱን በ1876 በመጽሐፍ አወጣው። የንጋት አበባ በምትባለው ሐረግ ላይ 10 ትውልድ ሄዷል። የተዳቀሉት ቁመት 100 ቢሆን የራስ በራሶቹ 77 ነበር።

ዳርዊን ለዚህ ጉዳይ የግል ምክንያትም ነበረው። ባለቤቱ ኤማ የአጎቱ ልጅ ነበረች። ከ10 ልጆቻቸው ሦስቱ በልጅነታቸው ሞተዋል። የልጆቹ ጤና ደካማ የሆነው በዚህ ዝምድና ይሆን እያለ ይጨነቅ ነበር። በ1871 የእንግሊዝ ሕዝብ ቆጠራ ላይ የአጎትና የአክስት ልጆች ጋብቻን የሚመለከት ጥያቄ እንዲገባ ጠይቆ ፓርላማው ሳይቀበለው ቀርቷል። ይህን ሳነብ የማየው ትልቁን ሳይንቲስት ብቻ አይደለም። በአትክልቱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አበባ እየለካ ስለ ልጆቹ የሚያስብ አባትም አያለሁ።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን ልመለስ። እኛ ዘንድ «ሰባት ቤት ቁጠር» ይባላል። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ዘር ይቆጥራል። የአጎትና የአክስት ልጆች ቢጋቡ፣ ልጃቸው በአንድ ጂን ላይ ከአንድ ቅድመ አያት የመጣ አንድ ዓይነት ቅጂ በሁለቱም በኩል የሚወርስበት ዕድል ከ16 አንድ ነው። በሁለቱም ወገን ሰባት ትውልድ ቆጥረን እዚያ ላይ ብቻ ዘር ቢገናኝ ግን ዕድሉ ከ16,384 አንድ ይሆናል። ራሱን የሚያዳቅል ተክል ላይ ደግሞ በአንድ ትውልድ ብቻ ከሁለት አንድ ነው። አባቶቻችን ጂን የሚባል ነገር አልሰሙም። ሒሳቡ ግን ከእነሱ ጋር ይስማማል።

አሁን ከዳርዊን ሙከራ ውስጥ እኔ አብልጬ የምወደውን ክፍል ልንገራችሁ። በስድስተኛው ትውልድ አንድ ራሱን በራሱ ያዳቀለ ተክል ከተዳቀለው ጥንዱ በልጦ አረፈው። በትንሽ፣ ግን በለጠ። ዳርዊን ተገርሞ «ጀግናው» ብሎ ስም አወጣለት። የጀግናው ልጆችም ጠንካሮች ሆኑ። እንዴት? ከአምስት ትውልድ ድካም በኋላ ይህ ከየት መጣ?

መልሱ ለቀማው ነው። ራስን ማዳቀል የተደበቀውን አደባባይ ያወጣል ብያለሁ። አደባባይ የወጣ ከባድ ጉዳት ደግሞ ይለቀማል። በበቆሎ ላይ ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አንድ የበቆሎ ተክል በራሱ ብናኝ ቢዳቀልና ዘሩ ቢዘራ፣ አንዳንዴ ነጭ ቡቃያ ይበቅላል። ወረቀት የመሰለ ነጭ። አረንጓዴውን ቀለም የሚሠራው ጂን ሁለቱም ቅጂ ጎድሏል። ፍሬው ውስጥ የነበረው ስንቅ እስኪያልቅ ይቆማል፤ ከዚያ ይሞታል። ሲሞት ሁለት የጎደሉ ቅጂዎች ይዞ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ድንጋይ ድንጋዩ ከዘሩ ይወጣል። የቀረው መስመር፣ ማለትም የዘር ሐረጉ፣ ከዚያ በኋላ ራሱን ቢያዳቅል ብዙም አይጎዳም። ጤፍና ስንዴ በየዓመቱ ራሳቸውን እያዳቀሉ የማይቀጭጩት አንድም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔም ለረጅም ጊዜ እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። «ራሱን የሚያዳቅል ንጹህ ነው፤ የሚዳቀል ቆሻሻ ይሸከማል» የሚል ነገር ተማሪዎች ላይ እሰማለሁ። «ንጹህ ዘር» የሚለው አነጋገራችንም ያሳስታል። ዘሩ ወጥ ነው ማለታችን ነው እንጂ ከጉዳት የጸዳ ነው ማለት አይደለም። የዛሬው ዋና ነገሬ ይህ ነው። እባካችሁ ሁለቱን አትቀላቅሉ። ድንጋዩ ተለቅሟል። አሸዋው አለ።

አሸዋ ስል ምን ማለቴ ነው? አብዛኛው ጎጂ ሚውቴሽን የሚገድል አይደለም። ትንሽ ነው የሚቀንሰው። አንድ ተክል ከሺህ ፍሬ አንዷን እንዲያጣ የሚያደርግ ስህተት አስቡ። ማን ያየዋል? ያ ተክል ዘር መተው አለመተውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። በረዶ ወረደበት፣ በሬ ረገጠው፣ ወፍ ለቀመው። ዕድል ከስህተቷ ይበልጣል። እንዲህ ያለች ትንሽ ስህተት ተለቅማ እንድትወጣ በጣም ብዙ ተክል፣ በጣም ብዙ ትውልድ ያስፈልጋል። ማሳው ሰፊ ሲሆን ትንሿ ልዩነት ቀስ በቀስ ትታያለች። ማሳው ጠባብ ሲሆን ዕድል ይጫወትባታል።

ራስን ማዳቀል ማሳውን ያጠበዋል። መሬቱን ሳይሆን የዘሩን ማሳ። እንዴት? 1,000 ኑግ ካላችሁ 2,000 የተለያዩ ቅጂዎች አሏችሁ፣ በተክል ሁለት ሁለት። 1,000 ጤፍ ካላችሁ ግን የእያንዳንዱ ሁለት ቅጂ አንድ ዓይነት ነው። በውጤቱ ያላችሁ 1,000 ነው። ገና ከመነሻው በግማሽ ቀነሰ።

ሌላውና የባሰው ነገር የመጣው ከመገልበጥ ሳይሆን ከማመሳከር እጥረት ነው። ወደ ቁም ጸሐፊው ልመለስ። ሁለት ብራና አለው እንበል። አንዱ ገጽ 10 ላይ ተሳስቷል፣ ሌላው ገጽ 50 ላይ። ጎን ለጎን ዘርግቶ ቢያመሳክር ከሁለቱ አንድ ንጹህ መጽሐፍ ይወጣዋል። የኑግ አበባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የእናትንና የአባትን ቅጂ ቆራርጦ ያደባልቃል። ከልጆቹ አንዳንዱ ሁለቱንም ስህተት ይወርሳል፣ አንዳንዱ አንዱንም አይወርስም። ሁለቱን የወረሰው ይወድቃል። ያልወረሰው ይቀጥላል። ጤፉም ያደባልቃል። ግን ሁለቱ ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ገጽ 10 ላይ የተሳሳተ ብራናን፣ ገጽ 10 ላይ ከተሳሳተ ብራና ጋር ቢያመሳክሩት ምን ይገኛል?

ስለዚህ ራሱን በሚያዳቅል ዘር ውስጥ ጂኖች ተያይዘው ይወድቃሉ፣ ተያይዘው ይነሳሉ። አንድ መስመር ጥሩ ነገር ካለው እሱን ተሳፍረው ብዙ ትናንሽ ስህተቶች ያድጋሉ። አንድ መስመር በከባድ ስህተት ከጠፋ በውስጡ የነበረው ደግ ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በ1964 ሄርማን ሙለር የተባለው የጂን ሊቅ ያለ ጾታ ለሚራቡ ፍጥረታት ያሰበው ሐሳብ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ጥርስ ያለው ጎማ አስቡ። እያንዳንዱ ጥርስ አንድ ስህተት ነው። ስህተት ያልነካው የመጨረሻ መስመር በአጋጣሚ ሲጠፋ ጎማው ቀጭ ይላል። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ አይመለስም። ሙሉ በሙሉ ራሱን የሚያዳቅል ዘርም ከዚህ ጎማ ሩቅ አይደለም።

ይህ ወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲ. ኤሌጋንስ የምትባል አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ትል አለች። በተፈጥሮዋ በአብዛኛው ራሷን ታዳቅላለች፤ አልፎ አልፎ ከወንድ ጋር ትዳቀላለች። የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትሎቹን በጂን ለውጥ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። የግድ ራሳቸውን የሚያዳቅሉ፣ የግድ ከሌላ የሚዳቀሉ፣ እና እንደ ተፈጥሯቸው ሁለቱንም የሚያደርጉ። ከዚያ ሚውቴሽን የሚያበዛ ኬሚካል እየሰጡ 50 ትውልድ አሳለፏቸው። ውጤቱ በ2009 ታተመ። ራሳቸውን የሚያዳቅሉት እየደከሙ ሄዱ። የሚዳቀሉት ጸኑ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ምርጫ የተተወላቸው ናቸው። ስህተቱ ሲበዛባቸው መዳቀልን አበዙ።

በዱርም ምሳሌ አለ። ግሪክ አካባቢ የምትበቅል ካፕሴላ የምትባል ትንሽ ነጭ አበባ አለች፤ እንደ ኑግ የራሷን ብናኝ የማትቀበል። ከእሷ የተለየች እህት ዝርያ ከ200,000 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ራሷን ማዳቀል ጀመረች። አበባዋ አነሰ፤ ንብ መሳብ ምን ያደርግላታል! የጂኖሟ፣ ማለትም የጂኖቿ ስብስብ፣ ሙሉ ንባብ በ2013 ሲወጣ ከእህቷ ይልቅ ትናንሽ ጎጂ ስህተቶችን መልቀም እንዳቃታት ታየ። አሸዋው ተገኘ።

ታዲያ ራስን ማዳቀል ይህን ያህል ጣጣ ካለው ለምን ይህን ያህል ተክል መረጠው? ምክንያቱም ትርፉ የዛሬ ነው፣ ዕዳው የነገ። ንብ ባይመጣም ፍሬ ይሰጣል። ብቻውን ቢቀርም ይራባል። ቡናችንን ተመልከቱ። አረቢካ ራሱን ያዳቅላል። በ1714 አንድ የቡና ችግኝ ከአምስተርዳም ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ተሰጠ። በካሪቢያን የተስፋፋው ቡና ብዙው የሚመዘዘው ከዚያ ዓይነት ጥቂት ችግኞች ነው። ሮቡስታ ቢሆን ኖሮ አንድ ዛፍ ይዞ ባሕር መሻገር ከንቱ ድካም ነበር፤ ሮቡስታ እንደ ኑግ ነው፣ ጎረቤት ይፈልጋል። ዕዳውም ተከትሎ መጣ። ጠባብ ዘር ይዞ ዓለምን የሞላው አረቢካ በ1869 ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ላይ የዋግ በሽታ ሲገባበት የሚመክትበት አልነበረውም።

ስለ ጤፋችን ላውራና ወደ ጥያቄ እንሂድ።

የጤፍ ምርምር ለረጅም ጊዜ አንድ ግድግዳ ነበረበት። አንዱ ጤፍ ምርቱ ጥሩ ነው፣ ቀለሙ ግን ገበያ ላይ አይወደድም። ሌላው ነጭ ማኛ ነው፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ሁለቱን ማዳቀል ይፈለጋል። ጤፍ ግን እሺ አይልም። አበባዋ ሲታይ ሁልጊዜ ሥራዋን ጨርሳለች። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ አበባዋን ከዚህ ገምቱ። ማን ያያታል? መቼ እንደምትከፈትስ?

በ1970ዎቹ ታረቀ በርሄ የተባለው ተመራማሪ ሰዓቱን አገኘው። ጤፍ የምታብበው ማለዳ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ገደማ። ከሦስት ሩብ ሰዓት አይበልጥም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ገበሬው ለሺህ ዓመታት በዚያ ሰዓት በማሳው አጠገብ ያልፍ ነበር። ምስጢሩ እግሩ ሥር ነበር። ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ በማጉያ መነጽርና በቀጭን ወረንጦ ከአንዷ አበባ ወንዱን ክፍል አውጥቶ የሌላዋን ብናኝ ማሳረፍ ተቻለ።

የዚህን ፍሬ ሁላችሁም በልታችኋል። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ዱከም የተባለውን ምርታማ ጤፍ ከነጩ ማኛ ጋር አዳቀለ። በ2006 የወጣው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የዚያ ልጅ ነው። እንግዲህ ቁም ጸሐፊውን አስታውሱ። ሁለት ብራናዎች ለብቻቸው ሲገለበጡ ኖረው፣ አንድ ጠዋት በሰው እጅ ጎን ለጎን ተዘረጉ። ከተዳቀሉ በኋላ ደግሞ ተመራማሪዎቹ ልጆቹን ራሳቸውን እንዲያዳቅሉ ተዉአቸው። ትውልድ በትውልድ የተደበቀው እየወጣ፣ ደካማው እየተለቀመ፣ ወጥ መስመር ቀረ። ሁለቱ መንገዶች ጠላቶች አይደሉም። መዳቀል ያደባልቃል፤ ራስን ማዳቀል ያጋልጣል፣ ያጸናል። ቁንጮ ሁለቱንም ፈልጓል። ለዚህም ነው ገበሬው ቁንጮን ከራሱ ጎተራ ዘር እያስቀረ ዓመት ከዓመት መዝራት የቻለው።

አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄ እንሂድ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቁት አንድ አርሶ አደር ናቸው። «ልጄ፣ ቁንጮን ዘር ማስቀረት ከቻልኩ ምርጥ ዘር በቆሎን ለምን አላስቀርም? ነጋዴው ሊጠቀምብኝ ነው ወይ?»

አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ተንኮሉ የነጋዴ አይደለም፣ የበቆሎው ነው። በቆሎ እንደ ኑግ ከባዳ ጋር መዳቀል የለመደ ነው። በውስጡ ብዙ የተደበቀ ነገር አለ። እንደ ቢኤች 660 ያለ ሀይብሪድ (ድቅል ዘር) የሚሠራው፣ መስመሮቹን ለየብቻ ለዓመታት ራሳቸውን እያስዳቀሉ፣ ደካማውን እየጣሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ በማዳቀል ነው። የአንዱን ጉድለት የሌላው ደኅና ቅጂ ይሸፍነዋል። እርስዎ የሚገዙት ያንን የተሸፋፈነ ዘር ነው። ከማሳዎ ዘር ሲያስቀሩ ግን ዘመዳሞች እርስ በርስ ተዳቀሉ ማለት ነው። የጎደለው ከጎደለው ይገናኛል። በሁለተኛው ዓመት አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ መካን ሆኖ ያገኙታል። ዘር ማስቀረት ከፈለጉ ሀይብሪድ ያልሆኑ የበቆሎ ዝርያዎች አሉ። እነሱን ይጠይቁ። ምርታቸው ከሀይብሪዱ ያንሳል፣ ግን አይከዱዎትም።

አንዲት ተማሪ ደግሞ እንዲህ ጠየቀች። «ለኑግ ዘር ስናስቀር ምን እናድርግ?»

ከአንድ ያማረ ተክል ብቻ አትውሰዱ። ከብዙ ተክል ጥቂት ጥቂት ውሰዱ። ከማሳው መሃልም ከዳርም። ኑግ በጥቂት ተክል ከታደሰ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። የተደበቀው ጉዳት ይገናኛል። ደግሞም እርስ በርስ የሚቀባበሉት ያንሳሉ፤ ዘመዳሞች ከሆኑ አንዱ የሌላውን ብናኝ እንደ ራሱ ቆጥሮ ሊያግደው ይችላል። የጂን ባንክ፣ ማለትም የዘር ማቆያ ቤት፣ ውስጥ የተቀመጠ የኑግ ዘርን ማደስ ከጤፍ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አንድ እፍኝ ጤፍ በየትም ቦታ ብትዘራው ራሱን ሆኖ ይመለሳል። ኑግ ግን ብዙ ተክል፣ ከሌላ ኑግ የራቀ ቦታ እና ንብ ይፈልጋል።

የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቁት እናት ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። እስካሁን ከጠየቁኝ ሁሉ ከባዱ ይህ ይመስለኛል። «እንዲህ አሸዋ የሚያከማች ከሆነ ጤፍ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆየ? ለምን አልጠፋም?»

እናቴ፣ አንዱ መልስ ጤፍ ሁለት ሳይሆን አራት ብራና ያለው መሆኑ ነው። በድሮ ዘመን የሁለት ዝርያ ሙሉ ጂኖም ተደርቦ ነው የተፈጠረው። አንደኛው ጥንድ ላይ የጎደለውን ሌላው ጥንድ ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል። ሁለተኛው፣ ጤፍ አልፎ አልፎም ቢሆን በንፋስ ይዳቀላል። ከስንት አንድ ነው። ግን ከዜሮ በጣም ይለያል። ጥቂት መዳቀል ያንን ጎማ ወደ ኋላ ለመመለስ ብዙ ይረዳል።

ሦስተኛው እናንተ ናችሁ። ጤፍ በአንድ ማሳ ውስጥ ጠባብ ነው። በአገር ደረጃ ግን ሰፊ ነው። በሦስት ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ላይ፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ቤተሰብ እጅ፣ ደጋው የራሱን፣ ቆላው የራሱን፣ ቀዩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ፣ ሠርገኛውን ደግሞ ቀላቅሎ ሲዘራ ኖሯል። አንዱ ጎተራ ውስጥ የጠፋው ደኅና ገጽ ሌላው ጎተራ ውስጥ አለ። ያ ሠርገኛ ጤፍ፣ ነጭና ቀይ ጎን ለጎን የሚያብብበት ማሳ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ንፋስ ሲነካው አንዲት ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሻገርበት ቦታ ነው።

እናትየው «እኛ ቤት አሁንም ሠርገኛ ነው የምንዘራው» አሉ። በመጪው መኸር ማለዳ ላይ ማጉያ መነጽር ይዤ እንድመጣ ፈቅደውልኛል።